ሦስት ማንኪያ ፋጉሎ

ሰኞ

ሚጣ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። ወደኔ ቤት አመጣኋት። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ አስር ቀን መንገድ፣ ሁለት ቀን ቤት። እና እኔ እህቷ ቁጭ ብዬ ማን ሊያስታምማት ነው?

ከአንጀቷ ስንዝር ያህል ቆርጠው ጥለው ጫፍና ጫፉን ሰፍተውታል። ቀዶ ሐኪሙ ስንዝሩን በእጁ ዘርግቶ አሳየኝ። ቤት ስገባ በራሴ እጅ ለካሁት። የኔ ስንዝር ከሱ ያንሳል፤ በኔ ይሁን አልኩ።

ነርሷ ቅጽ ሰጥታኛለች። የበላችውን፣ የጠጣችውን፣ የወጣላትን እየጻፍኩ ለቀጠሮ ስንሄድ አሳያለሁ። "እናቴ፣ ፍሬ ያለው፣ ገለባ ያለው፣ ልጣጭ ያለው ነገር ለስድስት ሳምንት እንዳይነካት። ለስላሳ ምግብ፣ ውሃ በብዛት" አለችኝ። ቅጹ የሐኪሞቹ ነው። ይሄ ደብተር የኔ ነው። ፍርሃቴን የማራግፍበት ሰው የለኝም፤ ሚጣ ነበረች፣ አሁን እሷን አላስፈራራም።

ቅድም አነጠሰች። ስፌቱ የተተረተረ መስሎኝ ዘልዬ ሆዷን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"እትዬ፣ ማስነጠስ ነው እንጂ ምጥ አይደለም" አለችኝ።

ሳቅን። ስትስቅ ደግሞ ሳቋን ፈራሁት።

ማክሰኞ

ቅቅል ሩዝ። የዶሮ መረቅ። ነጭ ዳቦ በወተት። ውሃ ስምንት ብርጭቆ። ደህና ነች። ደህና ነች። ደህና ነች።

ረቡዕ

ሥራ ቦታ ሆኜ ነው የምጽፈው፣ ዘይቱ እስኪጠልል። የኔ ሥራ ፍሬ መቀበል ነው። ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ በጆንያ ሲመጣ ከመሃሉ እፍኝ አውጥቼ አሸተዋለሁ፣ አኝከዋለሁ፤ የሻገተውን፣ የቆየውን፣ አፈር የተቀላቀለበትን በምላሴ አውቃለሁ። አለቃው "ላቦራቶሪ" ይለኛል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጆንያ አታሎኝ አያውቅም። መጭመቂያውን የሚነዳው በርሜል የምንለው ሰውዬ ነው፤ ለምን በርሜል እንዳልነው ያየው ሁሉ ያውቃል። በአንድ በኩል ዘይቱ ይንጠፈጠፋል፣ በሌላው በኩል ፋጉሎው እንደ ደረቅ ቅርፊት እየተሰበረ ይወጣል። ዘይቱን ሰው ይገዛዋል፣ ፋጉሎውን ከብት አርቢዎች በጆንያ ይወስዱታል።

በርሜል "እህትሽስ?" አለኝ። "ደህና ነች" አልኩት። "አንቺስ?" አለኝ። ማሽኑ ይጮህ ስለነበር ያልሰማሁ መሰልኩ።

እናታችንም ሆዴን ሆዴን እያለች ነው ያለፈችው። እኔ አስራ ስምንት፣ ሚጣ አራት ዓመቷ ነበር። አልወለድኩም ይሉኛል ሰዎች። ታዲያ ሚጣን ማን አሳደጋት?

ሐሙስ

ለቀጠሮ ሄደን ነበር። ስፌቷ ጥሩ ይዟል አሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ሌላ ፍርሃት ይዤ መጣሁ።

ኮሪደሩ ላይ ተራ ስንጠብቅ አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ እግር መጣች። የሆስፒታሉ የምግብ ባለሙያ ነች፤ አግዳሚ ላይ የተቀመጥነውን ሁሉ ሰብስባ ታስተምር ጀመር። "አንጀታችሁ ውስጥ ብቻችሁን አይደላችሁም" አለች።

አንድ ሽማግሌ፣ "ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ነበር የመሰለኝ" አሉና ሁሉም ሳቀ።

ባክቴሪያዎች ናቸው አለች፤ ቁጥራቸው ተቆጥሮ አያልቅም፤ መጥፎም ጥሩም አሉባቸው። ጥሩዎቹ እኛ መፍጨት ያቃተንን ገለባ ይበሉታል፣ ፋይበር ነው ስሙ። ከበሉ በኋላ የአንጀታችንን ግድግዳ የሚመግብ ነገር ይሠራሉ። እንግዲህ ቤታችን ይኖራሉ፣ ኪራይ ይከፍላሉ ማለት ነው፤ እኔ ተከራዮች ብያቸዋለሁ። ተልባ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍ ስትል ጆሮዬ ቆመ፣ የኔ ሙያ እኮ ነው! ፋይበሩም አላቸው፣ ጥሩ ቅባትም አላቸው አለች፤ ቅባቱ የተቆጣ ሆድ ያበርዳል ተብሎ እየተጠና ነው። ሃያ ሁለት ዓመት እጄን ሳጠልቅበት የኖርኩት ነገር ይህን ያህል ክብር እንዳለው ማን ነገረኝ?

እጄን አወጣሁ። "ምግባቸው ቢጠፋስ?"

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለችኝ። "ሲርባቸው አንዳንዶቹ የአንጀቱን የውስጥ ልባስ፣ ያንን የሚያሟልጭ ሽፋን መብላት ይጀምራሉ። በእንስሳት ላይ ታይቷል፣ በሰው ላይ ገና እየተጠና ነው።"

ቀጥላ "ይሄ ሁሉ ግን ለማንም ሰው፣ በማንኛውም ጊዜ…" ስትል አለቃው ደወለልኝ፤ የሰሊጥ ጭነት መጥቷል፣ ማን ይቅመሰው? ወጥቼ አወራሁት። ስመለስ ወረቀት አድላ ጨርሳ ነበር። "አለቀብኝ እናቴ፣ በሚቀጥለው" አለችኝ። ምንም አይደለም፤ ዋናውን ሰምቻለሁ።

ሽፋኑን ይበላሉ።

ሚጣ ከቀዶው ወዲህ የበላችው ነጭ ሩዝና ነጭ ዳቦ ነው። ገለባ የሚባል አልቀመሰችም። እነዚያ ተቆጥረው የማያልቁት ታዲያ ምን እየበሉ ነው? ስፌቱ ያለው እዚያው ግድግዳ ላይ አይደል እንዴ?

ዓርብ

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ሚጣ ትተኛለች፣ እኔ የሆዷን ድምፅ አዳምጣለሁ። ሲያጉረመርም "እየበሏት ነው" እላለሁ። ዝም ሲል "ጨረሷት" እላለሁ። የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ።

ሊነጋጋ ሲል መላ መጣልኝ። ሐኪሙ የከለከለው ፍሬ ነው። ፋጉሎ ደግሞ ፍሬ አይደለም! ፍሬነቱን መጭመቂያው ጨርሶታል፤ የቀረው ተከራዮቹ የሚፈልጉት ገለባ ብቻ ነው። ወቅጬ በወንፊት ብነፋው ከዱቄት ይልማል፤ ለስላሳ ነው የተባለው፣ ከዚህ በላይ ለስላሳ ከየት ይመጣል? ዘይቱን ለሷ፣ ፋጉሎውን ለነሱ። ይህን ለማሰብ መጭመቂያ ቤት መሥራት ያስፈልጋል፤ የተማረ ሰው ይህን አያስበውም።

ባለሙያዋን ደውዬ ልጠይቅ ነበር። ሥራ ይበዛባታል ብዬ ተውኩት።

ዓርብ፣ ከሥራ መልስ

የጠዋቱን የተልባ ፋጉሎ፣ ንጹሑን፣ ገና ሳይቀዘቅዝ በከረጢት ያዝኩ። በርሜል አየኝ።

"ላም ገዛሽ እንዴ?"

"አንዲት ጥጃ።"

"ወተት ስትሰጥ ለኔም ቅጂልኝ።"

"አንተ መቼ ሆድህ ላይ ቦታ ተረፈህና" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ከረጢቱን ግን ነጠላዬ ስር ሸሸግኩት። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ አልሰረቅኩ።

አንድ የሻይ ማንኪያ በእርጎ፣ ከላዩ ጥቂት የተልባ ዘይት። ሚጣ አሸተተችው። "ምንድነው?"

"የተፈጨ ተልባ ነው። ባለሙያዋ ያዘዘችው።"

በላችው። ቅጹ ላይ "እርጎ፣ አንድ ስኒ" ብዬ ጻፍኩ። እርጎ መብላቷ ደግሞ እውነት ነው።

እሑድ

ደህና ነች። ቀለሟ ተመልሷል፤ ወይ እኔ ነኝ የተመለሰ ያስመሰልኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አራት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ።

ሰኞ

ሁለት ማንኪያ። ለስንት ሺህ ተከራይ አንድ ማንኪያ ምን ይደርሳል?

ማክሰኞ

ሚጣ ከባሏ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ዕቃ እያጠብኩ ነበር፣ ውሃውን ዘጋሁት።

"አይ፣ አትቆጣ። ዱቄት ነገር እየሰጠችኝ ነው፣ አፍ ላይ ይለጠፋል። … ምን ልበላት? ለኔ ብላ አይደል? ካልበላሁ ታለቅሳለች። … እሱማ ልክ ነህ። ግን ከኔ ሌላ ማን አላት?"

ውሃውን መልሼ ከፈትኩት። ከሷ ሌላ ማን አለኝ! ይሄ ሁሉ ለራሴ ይመስላቸዋል። እሱ መሪ ጨብጦ ከአገር አገር ይዞር፤ የሷን ሆድ ሌሊቱን ሙሉ የማዳምጠው እኔ ነኝ።

አለቀስኩ እንዴ? አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለቀስኩት።

ሐሙስ

ሦስት ማንኪያ፣ በሾርባ ማንኪያ። ዱቄቱ እርጎውን ቶሎ ያደርቀዋል፤ በልታ እስክትጨርስ እንደ ሊጥ ይሆናል። ውሃ ስጨምርላት "ሞላሁ እትዬ፣ ቦታ የለኝም" ትላለች። ዛሬ ሦስት ብርጭቆ ብቻ ነው የጠጣችው። ቅጹ ላይ አምስት አልኩ፤ ነገ ታካክሰዋለች።

ቅዳሜ

ሆዷ ወጣ ብሏል። ሰውነቷ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ቀሚሴ ጠበበኝ ስትል ደስ አለኝ፤ "ወፈርሽ!" አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም።

እሑድ

ሆዷ ይጮሃል፣ ከሌላ ክፍል ይሰማል። እየበሉ ነው አልኩ፤ ሲበሉ ይጮሃሉ። ወጣልሽ ወይ ስላት ከትናንት ወዲያ ነው አለች። ሦስት ማንኪያ።

ሰኞ

ዛሬ ሆዷ ዝም ብሏል።

ይህን ዝምታ አልወደድኩትም። ጆሮዬን ሆዷ ላይ ለጥፌ አዳመጥኩ፤ ምንም የለም። እንደ ከበሮ ተወጥሯል። "ቁርጠት እየመጣ ይሄዳል" አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ጠዋት እርጎውን አልፈልግም ስትለኝ ተቆጣኋት። በላችልኝ።

ከምሳ በኋላ አስመለሳት። አረንጓዴ። ታክሲ።

ማክሰኞ፣ ሆስፒታል

ራጅ ተነሳች። አንጀቷ ተዘግቷል። በአፍንጫዋ ቱቦ፣ በክንዷ ጉሉኮስ። ምንም በአፏ እንዳይገባ ተብሏል።

ቀዶ ሐኪሙ ቅጹን ገጽ በገጽ አነበበው። "በጣም ቆንጆ ተደርጎ ተመዝግቧል" አለኝ። "እንዲህ የሚጽፍ አስታማሚ ብዙ አናገኝም። ለስላሳ ምግብ፣ ውሃም ደህና። ስለዚህ ከምግቡ አይደለም ማለት ነው። ወይ ስፌቱ ጋ ጠቧል፣ ወይ በሽታው ተመልሷል። እስከ ሐሙስ ጠዋት ካልተከፈተ እንደገና እንገባለን።"

እንደገና። ገና ያልደረቀ ሆድ። አብሮት ለነበረው ተማሪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አደጋው ካሁን በፊቱ ይበልጣል፤ ሥጋው ገና ስስ ነው" ሲለው ሰማሁ። ቀስ ብለው ሲያወሩ ይበልጥ ይሰማኛል።

አፌን ከፈትኩ። "አመሰግናለሁ ዶክተር" አልኩና ዘጋሁት።

ማክሰኞ፣ አመሻሽ

ፋጉሎ ምን ያደርጋል? ዱቄት ነው። በወንፊት የተነፋ። በሽታው ነው የተመለሰው፤ እሱ ራሱ ብሏል። የእናቴ በሽታ ነው። እኔ አይደለሁም።

ብነግረውስ ምን ይለወጣል? "እህቷን የከብት መኖ አበላቻት" ይባላል እንጂ። ነርሶቹ ይሰማሉ። ሾፌሩ ይሰማል። ሚጣ ትሰማለች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ረቡዕ

አለቃው ጭነት መጥቷል ብሎ ጠራኝ። ሁለት ሰዓት ብቻ ብዬ መጣሁ፤ ሚጣ ጋ ቁጭ ብዬ ፊቷን ማየት ስላልቻልኩም ነው። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ በርጥብ ጥጥ አረጥብላታለሁ፣ "እትዬ አንቺ ትንሽ እረፊ" ትለኛለች። ለኔ ታስባለች!

አንድ ከብት አርቢ አስር ጆንያ ፋጉሎ ሊጭን መጥቶ ነበር። አዲስ ደንበኛ ነው። በርሜል እጁን በጨርቅ እየጠረገ ሁሌ ለሁሉም የሚለውን አለው፦

"ወንድሜ፣ ይሄን ውሃ ሳታጠግብ እንዳትሰጥ። ዘይቱ ስለተጨመቀ ደረቅ ነው፣ ውሃ ይጠማዋል። ሆዷ ውስጥ ያብጥና ላምህን ያጣህ እንደሆነ እኔ የለሁበትም።"

ሃያ ሁለት ዓመት! በየቀኑ፣ ለእያንዳንዱ ገዢ፣ በዚያው ድምፅ። አንዳንዴ እኔ ራሴ ከኋላው ሆኜ አፉን እያስመሰልኩ ሰው አስቄበታለሁ። ያንን ቃል ሰምቼ አላውቅም ብል ምላሴ ይቆረጥ። ጆሮዬ ደንዝዞበት ነው፣ እንደ ማሽኑ ጩኸት።

እጄ ውስጥ የነበረውን ሰሊጥ አፌ ውስጥ ጣልኩት፣ ጣዕሙ አልታወቀኝም። "ደህና ነው፣ አስገቡት" አልኩ። የሻገተ ይሁን የሸተተ አላውቅም።

ከዚያ ከሻይ ክፍሉ ብርጭቆ አመጣሁ። ሦስት ማንኪያ ደቀቅ ያለ ፋጉሎ፣ ትንሽ ውሃ። ቁጭ ብዬ አየሁት። ውሃውን ጠጣው። ጨመርኩለት፣ ጠጣው። እስከ አፉ ተነፋ። ማንኪያውን ሰካሁበት፤ ቀጥ ብሎ ቆመ።

በርሜል አጠገቤ መጣ። ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ። "ጥጃዋ…" ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ገብቶታል።

"አሁኑኑ ሂጂ" አለኝ። "አሁኑኑ!"

ረቡዕ፣ ሆስፒታል

ቀዶ ሐኪሙ ቀዶ ክፍል ገብቷል። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁት። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። በዚያ በር ማንም ሲወጣ አንድ እርምጃ እራመድና እመለሳለሁ። መንገር የፈራሁትን ያህል እሱ ሳይወጣ እንዳይቀርም ፈራሁ። አንድ ተረኛ ሐኪም ነበር፤ ለሱ ልንገረው ብዬ አጠገቡ ደርሼ "ሽንት ቤቱ የት ነው?" ብዬ ጠየቅሁት። ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ካወቅሁት ሦስት ሳምንቴ ነው።

ረቡዕ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት

ነግሬዋለሁ።

ከሁለት ተማሪዎች ጋር ወጣ። መንገዱን ዘጋሁበት።

"ዶክተር፣ ፋጉሎ አብልቻታለሁ።"

"ምን?"

"ፋጉሎ። ከተልባ ዘይት የሚቀረው። ለከብት የሚሰጠው።"

አንዱ ተማሪ ፍሬን ያጣ ሳቅ አመለጠውና በሳል ሸፈነው። ሐኪሙ አልሳቀም።

"ስንት?"

"መጀመሪያ አንድ የሻይ ማንኪያ። በመጨረሻ ሦስት የሾርባ ማንኪያ። በእርጎ።"

"ለስንት ቀን?"

"አስራ አንድ።"

"ውሃስ? ቅጹ ላይ አምስት ብርጭቆ ይላል።"

"ሦስት ነው። አንዳንዴ ሁለት።"

ምነው በጮኸብኝ፣ በሰደበኝ! "ቅጹ ላይ የለም" አለ፣ በቀስታ።

"የለም።"

"ነገ ጠዋት ልከፍታት ነበር። ያውቃሉ?"

"አውቃለሁ" አልኩ።

ከተማሪዎቹ ጋር ተያይተው በነሱ ቋንቋ ጥቂት ተነጋገሩ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ያበጠ ምግብ ከሆነ የደፈነው፣ ሆድ ሳይከፈት የሚወርድበት ዕድል አለ፤ ፈሳሽ ይጨምሩላታል፣ በቱቦውም በራጅ ላይ የሚታይ መድኃኒት ይሰጧታል፣ መንገዱን ያሳያል፣ አንዳንዴም ይከፍተዋል። ነገ አይከፍታትም። እስከ ዓርብ ይጠብቃል። ሆዷ ከጠነከረባት ወይ ካተኮሳት ግን በዚያው ሰዓት ይገባሉ።

"ቃል አልገባልዎትም" አለኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ራጅ። መድኃኒቱ እስከ ጠባቡ ቦታ ወርዶ ቆሟል።

ነርሷ በየሰዓቱ "አየር ወጣልሽ?" ትላታለች። ሚጣ "አልወጣም" ብላ ራሷን ትወዘውዛለች።

ትኩሳቷን በየደቂቃው በእጄ እለካለሁ፤ እጄ ስለሚግል እሷ የጋለች ይመስለኛል። ነርሷ ተቆጣችኝ።

ስምንት ሰዓት። የለም።

አስር ሰዓት። የለም። "እትዬ፣ ከሞትኩ ባሌ ላይ እንዳትጮሂበት" አለችኝ። እንዴት ነው የሚጮኸው? ማን ላይ ነው የሚጮኸው?

ማታ ራጅ። ትንሽ ወርዷል። ጥላ የምታህል። ሐኪሙ "ትንሽ" አለ። ቃሉን ይዤው ተቀመጥኩ።

ዓርብ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ዝም ባለበት፣ አንድ ረጅም፣ ጨዋነት የጎደለው ፈስ ተሰማ።

አጠገቧ የተኙት ሴትዮ ከብርድ ልብሳቸው ራሳቸውን አውጥተው "ማነው?" አሉ።

ሚጣ እጇን አወጣች። ልክ ክፍል ውስጥ ስሟ እንደተጠራ ተማሪ።

"ተመስገን በሉ እንጂ!" ብለው ሴትዮዋ ማጨብጨብ ጀመሩ። ነርሷ ሮጣ መጣች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተደፍቼ እግሯን ይዤ ነበር። ሰው በፈስ እንዲህ ያለቅሳል ብሎ ቢነግረኝ ማን ያምነው ነበር?

ከሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ወጣላት። ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰው። "አንከፍትም" አለ።

ቅዳሜ

ሐኪሙ በጉብኝት ሰዓት ከአምስት ተማሪዎች ጋር መጣ። ሚጣ ተደግፋ ተቀምጣለች። ለተማሪዎቹ አስረዳቸው፤ ፋጉሎ አለ፣ ደረቅ የተጨመቀ አለ፣ አስራ አንድ ቀን አለ። ይህን ያህል ጊዜ እንዳልነገርኳት አላወቀም፤ ከየት ያውቃል።

ሲወጡ ሚጣ ወደኔ ዞረች።

"ፋጉሎ?"

"ሚጣ…"

"ተልባ ነው አልሽኝ። ባለሙያዋ አዛለች አልሽኝ።"

"ተከራዮቹ… ስፌቱን ይበሉብሻል ብዬ ነው እኮ፣ ሰግቼ…"

"አልበላም ያልኩ ቀን ተቆጣሽኝ" አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ሞት ደጃፍ ላይ ቆሜ 'አንቺ ትንሽ እረፊ' እልሻለሁ፣ አንቺ ግን ያበላሽኝን ታውቂያለሽ። ውጪልኝ።"

ወጣሁ።

እሑድ

ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ነኝ። ሾፌሩ ሌሊት ደርሷል። አለፈኝ፤ ሰላምታ ሰጠኝ፣ እጁ ግን ጨበጠኝ እንጂ አልያዘኝም። በሩ ገርበብ ብሏል። "ስትወጪ ወደ ቤታችን ነው" ሲላት ሰማሁ። እሷ የመለሰችውን አልሰማሁም፤ ዝቅ አድርጋ ነው የመለሰችው።

ባለሙያዋ በዚያ ስታልፍ አወቀችኝና አጠገቤ ተቀመጠች። ሁሉን ሰምታለች። "ያሰቡት እኮ ከመሬት የመጣ አይደለም" አለችኝ። "ባክቴሪያዎቹ ፋይበር ይፈልጋሉ፣ ጥሩ ቅባትም ጥሩ ነው። ግን ገና በተሰፋ፣ በጠበበ አንጀት ላይ አይደለም። ጤነኛም ቢሆን በትንሹ ጀምሮ፣ በብዙ ውሃ ነው። እሷ ጊዜዋ ሲደርስ ሐኪሟ ሲፈቅድ ይጀመርላታል። ይህን የዚያን ቀን ተናግሬ ነበር።"

"ስልክ ይዤ ወጣሁ። ወረቀቱም አልቆ ነበር።"

"ቢጠይቁኝ በእጄ እጽፍልዎት ነበር እኮ፣ እናቴ" አለችኝ።

ይሄ ነው የባሰብኝ። ማንም አልከለከለኝም ነበር። አለመጠየቄ እምቢ እንዳይሉኝ ነበር።

ሰኞ

አግዳሚው ላይ። መረቅ ይዤ መጥቼ ነበር፣ ነርሷ አስገባችው፣ ሳይነካ መለሰችው። "አልበላም ነው ያለችው። የማንንም አልበላም ብላለች፤ የኛንም።"

የማንንም። የሆስፒታሉን ሾርባ እንኳ በማንኪያ እያገላበጠች ታየዋለች አለችኝ፣ የባሏንም ዳቦ እየቆረሰች ታሸተዋለች። እህቴን ምግብ አስፈራኋት። አንጀቷ ተከፍቶ አፏ ተዘጋ። ሐኪሙ ካልበላች ሊያስወጣት አይችልም። ክብደቷ በየቀኑ እየወረደ ነው።

እናታችን ስትሞት ሚጣ ለሦስት ቀን አልበላም ብላ ነበር። ያኔ እንዴት እንዳበላኋት አላስታውስም። ምን አደረግኩ? ምን አልኳት?

ማክሰኞ

ዛሬም መረቁን ይዤ መጣሁ። የፈላ፣ ሁለት ጊዜ የተጠለለ። ነርሷን ለምኜ ጠየቅኳት፦ ከድንች በቀር ሌላ ነገር የለበትም፣ ጨውም እጅግ ጥቂት፣ ይሄ ይፈቀዳል ወይ? ሐኪሙን ጠየቀችልኝ። ይፈቀዳል አለች። ደግሜ ጠየቅኳት። ይፈቀዳል አለች።

ሾፌሩ ከክፍሉ ወጣ። "ትጠራሻለች" አለኝ። በሩን ያዘልኝ።

ሚጣ ትራስ ተደግፋለች። ጉንጯ ገብቷል። የያዝኩትን ዕቃ አየች። እኔን አላየችኝም።

"ምንድነው?"

"የድንች መረቅ። ጨው። ሌላ የለውም። ሐኪሙ ፈቅዷል፣ ነርሷን ጠይቂያት።"

"ነርሷን አልጠይቅም። ቅመሺው።"

ከዕቃው አንድ ማንኪያ ጨለፍኩ። ጠጣሁት።

"ዋጪው።"

ዋጥኩት። ጉሮሮዬን ነበር የምታየው፤ እስኪወርድ ድረስ ዓይኗን አልነቀለችም። ያንን ሁሉ ዓመት ጆንያ ሙሉ ፍሬ ስቀምስ እንደዚህ ያየኝ የለም። የሷ ዓይን ይመዝናል።

"ደግመሽ።"

ደገምኩ። ሦስተኛም አስጠጣችኝ። ስትቆጥር ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሾፌሩ በሩ ላይ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

ከዚያ አፏን ከፈተች።

ማንኪያውን ሞልቼ ሳነሳው እጄ ተንቀጠቀጠና መረቁ አንሶላው ላይ ፈሰሰ። እንደገና ጨለፍኩ፣ እንደገና ፈሰሰ። እሷ አፏን አልዘጋችም። እጄ እስኪረጋ ድረስ፣ ዓይኗ ዓይኔ ላይ፣ አፏን እንደከፈተች ጠበቀችኝ።